የተሸላሚ መኮንንን ታሪክ በሕይወት ሳሉ ስለ መጻፍ

አዳማ ውስጥ በጡረታ የሚኖሩ፣ በኦጋዴን ጦርነት የጀግንነት ሜዳይ የተሸለሙ መኮንን በቤተሰባችሁ ካሉ፣ ታሪካቸውን ከአንደበታቸው እየሰማችሁ ዛሬውኑ መጻፍ ይገባችኋል። በቀብር ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ባለታሪኩ ሊያርሙት አይችሉም።

ጥያቄያችሁን ከሜዳዩ አትጀምሩ። በቅድሚያ ሆለታ ይሠልጥኑ ሐረር፣ በየትኛው ክፍለ ጦርና ብርጌድ እንዳገለገሉ፣ እያንዳንዱን ማዕረግ መቼ እንዳገኙ በቅደም ተከተል አስፍሩ። በውጊያው ጊዜ መቶ አለቃ የነበሩትን ሰው በጡረታ ማዕረጋቸው «ኮሎኔሉ ምሽጉን ሰበሩ» ብሎ መጻፍ ታሪኩን ያዛባል፤ ጥቂት ወታደሮችን ይዞ ከፊት የተሰለፈ ወጣት መኮንን የከፈለውን ዋጋም ይሸፍናል።

ከዚያ በኋላ ትዝታቸውን ከታወቁት ቀኖች ጋር አዛምዱ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በወራሪው የሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ የካቲት 26 ቀን በዚያው ዓመት ነጻ ስለወጣች፣ በማፈግፈጉ ወቅት የት እንደነበሩ፣ በመልሶ ማጥቃቱ የካራማራን ተራራ በየት በኩል እንዳዩት፣ ውኃና ጥይት እንዴት ይደርሳቸው እንደነበር፣ ቁስለኛውን ማን እንደተሸከመ ጠይቁ። ጀግንነት የሚታየው በእነዚህ መልሶች ውስጥ ስለሆነ፣ «እንደ አንበሳ ተዋጉ» የሚለውን ውዳሴ ብትተዉት ታሪኩ ይጠነክራል እንጂ አይጎድልበትም። የወደቀ ጓዳቸውን ስም ሲጠሩ ዝም ካሉ የድምፅ መቅጃውን አጥፉና ቡና ይቅረብ፤ ያን ዕለት ወደዚያ ጉዳይ መመለስ አይገባም።

ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን የብዙዎች ሰነድ ስለጠፋ፣ የሜዳዩ የምስክር ወረቀት ባይገኝ አትደነቁ። አብረዋቸው የዘመቱትን ለየብቻ አነጋግሩ፤ በአንድነት ከተቀመጡ ማዕረጉ ከፍ ያለው የተናገረውን ሌላው ለመቃወም ያፍራል። ባለቤታቸውንም አትርሱ፤ ከግንባር የተላከ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው። በአሮጌ ወረቀቶች ላይ አዳማ «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት» ተብለው ስለሚገኙ፣ የሰነዱን አጻጻፍ ሳትለውጡ የዛሬውን ስም በቅንፍ ጨምሩ። የውጭ ሰነድ የካቲት 26 ቀን 1970ን ማርች 5 ቀን 1978 ብሎ ስለሚጽፍ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ሳታስተካክሉ ሁለቱን አታደባልቁ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለባለታሪኩ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። «ይህን እኔ ብቻዬን አልሠራሁትም» ካሉ የእነማን ሥራ እንደሆነ ጠይቃችሁ ስማቸውን አስገቡ፤ ከዚያም አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ አስቀርታችሁ ሌላውን አዲስ አበባ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አቅርቡ።