የብልት ባክቴሪያ መዛባት ሲያጋጥም ምን ይደረግ? የማህፀን በር ምርመራስ ለምን አይቀርም?

በጤናማ የሴት ብልት ውስጥ በብዛት የሚኖሩት ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመነጩ አካባቢውን አሲዳማ ስለሚያደርጉት፣ ፒኤች የሚባለው ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል። እነዚህ ሲመናመኑና ጋርድነሬላን የመሳሰሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲበዙ የሚፈጠረው መዛባት ባክቴሪያል ቫጃይኖሲስ ይባላል።

መዛባቱ በራሱ ካንሰር አያመጣም። የማህፀን በር ካንሰር መነሻ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻ 70 በመቶ ገደማውን ያስከትላሉ። ይሁን እንጂ መዛባቱ ባለባቸው ሴቶች ላይ ቫይረሱ በብዛት እንደሚገኝ፣ ከሰውነት ለመውጣትም እንደሚዘገይ፣ ቅድመ ካንሰር ለውጥም ይበልጥ እንደሚታይ በተደጋጋሚ ተስተውሏል። ከበዙት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ የማህፀን በርን የሚከላከለውን ንፍጥ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ፤ አካባቢውም ሊቆጣ ይችላል። ቫይረሱም በበኩሉ ሚዛኑን ሊያናጋ ስለሚችል፣ የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ ገና እየተጠና ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከብልት የሚወጣውን ፈሳሽ ምንነት በምርመራ ያረጋግጡ። ነጣ ወይም ግራጫ ያለ ቀጭን ፈሳሽና በተለይ ከግንኙነት በኋላ የሚጎላ የዓሣ ሽታ የመዛባቱ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው፤ ብርቱ ማሳከክና አይብ የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ግን ወደ ፈንገስ ያመለክታል። ምንም ምልክት የማይታይባቸው ሴቶችም ብዙ ናቸው። ባለሙያው የፈሳሹን መልክ፣ ፒኤቹን፣ የኬሚካል ጠብታ ሲጨመርበት የሚወጣውን ሽታና በማይክሮስኮፕ የሚታዩትን ሴሎች ይመለከታል፤ ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ መዛባቱ አለ ማለት ነው። ከመድኃኒት ቤት በግምት ፍላጂል (ሜትሮኒዳዞል የተባለውን መድኃኒት) ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ፈንገስን ፈጽሞ አያክምም።

መዛባቱ ከተረጋገጠ የተለመደው ሕክምና 500 ሚሊግራም ሜትሮኒዳዞል በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት ነው፤ በብልት ውስጥ የሚደረግ የሜትሮኒዳዞል ጄል ወይም የክሊንዳማይሲን ክሬምም አለ። ክሬሙ ኮንዶምን ሊያዳክም እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል። ሽታው በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም መድኃኒቱን ይጨርሱ፤ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ መውሰጃ ሰዓቱን አስቀድመው ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑም አስቀድመው ይናገሩ፤ መዛባቱ ያለ ጊዜው ከሚከሰት ምጥ ጋር ስለሚያያዝ ሕክምናው በክትትል መሰጠት ይገባዋል።

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ተመልሶ መምጣቱ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ አንድ ለአንድ በተወሰኑ ጥንዶች ወንዱም አብሮ ሲታከም በ12 ሳምንት ውስጥ ከሴቶቹ 35 በመቶው፣ ሴቷ ብቻ ስትታከም ግን 63 በመቶው እንዳገረሸባቸው አሳይቷል። በመሆኑም መዛባቱ ከተመላለሰብዎት ስለ ባለቤትዎ ሕክምና መጠየቅ ተገቢ ነው። ብልትን ውስጡን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በጨው ውሃ መታጠብ ሽታውን ለጊዜው ቢሸፍንም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ የውጩን ክፍል በንጹህ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

ሽታው ጠፋ ማለት ግን ቫይረሱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቅድመ ካንሰርም ሆነ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የላቸውም። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የማህፀን በር ምርመራ በበርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይሰጣል። በአንደኛው ዘዴ የማህፀን በር አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ከጥቂት ቆይታ በኋላ የሚነጣ ቦታ መኖሩ በዓይን ይታያል፤ ሌላው የቫይረሱ የዘረ መል ምርመራ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለውና በተቀራረበ ጊዜ መመርመር አለባቸው። በቀጠሮዎ ሰሞን የወር አበባ ላይ አለመሆንዎን ያረጋግጡ፤ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮም በብልት ውስጥ ክሬም አያድርጉ። የማህፀን በሩ ክፉኛ ከተቆጣ ባለሙያዋ መጀመሪያ እርሱን አክማ ምርመራውን ለሌላ ቀን ልታዛውረው ትችላለች፤ በዚያ ጊዜ አዲሱን ቀጠሮ ሳይዙ አይውጡ።

ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ በዕድሜ ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ፣ ደም የቀላቀለ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ ወይም ከሆድ በታች የማያቋርጥ ሕመም ካለ ግን፣ የፈሳሽ መድኃኒት እየተለዋወጠ ጊዜ ሳይባክን የማህፀን በሩ በመሣሪያ ተከፍቶ እንዲታይ በቀጥታ ይጠይቁ።