የሚኒሶታ ጣሪያዎ ለሶላር ይሆናል? ውል ከመፈረምዎ በፊት የሚሠራ ስሌት

ብርዱ አያስፈራዎት። ፓነል ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ያመነጫል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር ኃይሉ በ0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የክረምቱን ምርት የሚበላው የቀኑ ማጠር፣ ጥላና በረዶ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በዓመት ይሥሩት፤ በጃንዋሪ ብቻ ከመዘኑት ማንም አይገዛም።

የ12 ወር የመብራት ቢል ሰብስበው ኪሎዋት ሰዓቱን ይደምሩ። ሚኒያፖሊስ አካባቢ ወደ ደቡብ የዞረና ጥላ የሌለበት ጣሪያ ላይ 1 ኪሎዋት ፓነል በዓመት 1,300 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ፍጆታዎ 7,800 ከሆነ 6 ኪሎዋት ይበቃዎታል፦ ባለ 400 ዋት 15 ፓነል፣ 30 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሱ። ሺንግሉ (የጣሪያው ክዳን) ካረጀ መጀመሪያ እሱን ያስቀይሩ፤ በኋላ ፓነል አውርዶ መልሶ መስቀል ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ጥላ ላይ ነው። ሻጭ በጁላይ መጥቶ "ጥላ የለም" ይላል፤ በጁላይ እውነቱን ነው። በዲሴምበር 21 ግን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ የምትወጣው 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 58 ትደርሳለች። ከፓነሉ በ4 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ በዚያ ሰዓት 10 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ቅጠሉ ቢረግፍም ቅርንጫፉ ይበቃል። ለመለካት በላይኛው ፎቅ የደቡብ መስኮት ላይ ቆመው ክንድዎን ወደፊት ይዘርጉ፤ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአድማስ ጀምረው ሁለት የተጨበጠ እጅ ሲደራርቡ፣ ከዚያ ከፍታ በላይ የሚወጣ ዛፍ ወይም ቤት ካለ የክረምቱ ፀሐይ ይከለላል።

ቀጥሎ ፒቪዋትስ የተባለውን ነፃ ማስያ ይክፈቱ። አድራሻዎን፣ ኪሎዋቱን፣ የጣሪያውን ተዳፋት (በ12 ኢንች አግድም 6 ኢንች የሚወጣ ጣሪያ 27 ዲግሪ ነው) እና አቅጣጫውን ያስገቡ፤ ደቡብ 180 ነው። አስቀድሞ የተሞላው የ14 በመቶ ብክነት ለበረዶ የያዘው ዜሮ ነው። ወደ 18 ከፍ ቢያደርጉት ለእውነቱ ይቀርባል። በረዶውን ከመሬት ሆነው ለስላሳ ጫፍ ባለው የጣሪያ መጥረጊያ ያውርዱት እንጂ ሙቅ ውሃ አያፍስሱ፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ፓነል ከበር በላይ ባይሰቀል ይሻላል፤ በረዶው ተንሸራቶ በአንዴ ይወርዳል።

ብርድ ጉዳት የሚያመጣው ቮልቴጅ ላይ ነው። 45 ቮልት የተጻፈበት ፓነል በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ 52 ይጠጋል። እንዲህ ያለ 12 ፓነል በአንድ መስመር ካያያዙ 540 የነበረው 620 ይሆናል፤ እስከ 600 ብቻ የሚችል ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) ሊቃጠል ይችላል። ጫኙን "በስንት ዲግሪ ብርድ ነው ያሰላኸው?" ይበሉት። በየፓነሉ የሚገጠም ትንሽ ኢንቨርተር (ማይክሮ ኢንቨርተር) ከሆነ እንዲህ ያለ መደራረብ የለም።

ውሉ ላይ የፌዴራሉን የ30 በመቶ የግብር ቅናሽ ይፈልጉ። በራስ ገንዘብ ወይም በብድር ለተገዛ የቤት ሶላር ከ2025 መጨረሻ በኋላ ቀርቷል። አሁንም ከዋጋው ላይ ቀንሶ የሚያሳይ ወረቀት ከሰጡዎት አይፈርሙ።