ኢዚፓስ ከመለጠፋችሁ በፊት አድራሻችሁን አስተካክሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ከገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። ሥራው ዲሲ ነው። ስልኩ ወደ ዲሲ በሚወስደው በ66 አውራ ጎዳና ሂድ ስላለው ብቻ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በ66 ሲመላለስ ከርሟል። ኢዚፓስ የሚባለው፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ የመንገድ ክፍያ የሚከፍለው ታግ የለውም። «የሚከፈልበት ቦታ እኮ አላየሁም» አለኝ። ይህን ንግግር ስንት ሰው ነግሮኛል መሰላችሁ!

እውነቱን ነው፣ አይታይም። እኛ የክፍያ መንገድ የምናውቀው ከአዲስ አበባ አዳማ ነው። ስትገቡ ካርድ ትይዛላችሁ፣ ስትወጡ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትቀበላችኋለች። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን አብዛኛው ቦታ ላይ የሚቀበል ሰው የለም። ከመንገዱ በላይ የተዘረጋ ብረት አለ። እሱ ላይ ያለው መሣሪያ ታጋችሁን ያነባል። ታግ ካጣ የታርጋችሁን ፎቶ ያነሳል። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ በጥሬ ብር መቀበል ጨርሶ ትታለች።

66ን በደንብ እወቁት። ዲሲን ከሚዞረው መንገድ፣ ከቤልትዌይ፣ ወደ ዲሲ ባለው ክፍል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በዚህ አገር ሰዓት ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 ሦስት ሰው ካልያዘ በቀር ወደ ዲሲ የሚሄደው በሙሉ ይከፍላል። ከሰዓት ከ3:00 እስከ 7:00 ደግሞ ከዲሲ የሚወጣው። ነጻ ሌይን የሚባል የለም፤ ሁሉም ሌይን ይከፈልበታል። ዋጋውም ቋሚ አይደለም። መኪና ሲበዛ ይጨምራል። ከመግቢያው በፊት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። የስልካችሁ ካርታ ላይም ቶል፣ ማለትም የሚከፈልበትን መንገድ፣ እንዲያስቀር ማዘዝ ይቻላል። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለምን እንደማታደርጉት አይገባኝም።

የት ልግዛ ለምትሉኝ፣ የምትኖሩበት ስቴት ውሰዱ። የሜሪላንዱ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ በሜሪላንድ መንገዶችና ድልድዮችም ቅናሽ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግና ጌተርስበርግ ያላችሁ በሜሪላንዱ 200 መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ያለ ታግ የሚመጣው ቢል ይበልጣል። ታጉ ከየትም ይምጣ፣ ያው አንዱ እስከ ኒውዮርክና ቦስተን ድረስ ይሠራል።

ቨርጂኒያ ላይ ፍሌክስ የሚባለውን ውሰዱ። መቀየሪያ አለው። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ካለ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) በሚለው ላይ ታደርጉትና በ66፣ በ95፣ በ395 እና በ495 ኤክስፕረስ ሌይኖች በነጻ ትሄዳላችሁ። ሹፌሩ ይቆጠራል፣ ሕፃን ልጅም ይቆጠራል። ተራው ታግ ግን አሥር ሰው ብትጭኑም ያስከፍላችኋል። ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፣ ሰው ስታወርዱ መቀየሪያውን መመለስ አትርሱ። ብቻችሁን ሆናችሁ ኤችኦቪ ላይ ከተያዛችሁ ቅጣቱ የቀን ገቢያችሁን ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ የተቃጠልኩት ታግ ሳይኖረኝ አይደለም። ታግ እያለኝ ነው።

ታጉን ስወስድ ከባንክ ካርዴ ጋር አገናኘሁት። ሂሳቡ ሲያንስ ራሱ ከካርዱ ይሞላል። አንድ ዓመት ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ ካርዴ ጊዜው አለፈና ባንኩ አዲስ ላከልኝ። ስልኬን፣ ኢንተርኔቴን፣ ኢንሹራንሴን ቀየርኩ። ታጉን ረሳሁት። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ስለሚታየኝ የሚሠራ መሰለኝ። በዚያው ወር ደግሞ ከአንድ አፓርትመንት ወደ ሌላ ተዛወርኩ።

ሂሳቡ ባዶ ሆነ። መሣሪያው ታጉን ያነባል፣ ገንዘብ ግን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉዞ እንዳልተከፈለ ይመዘገባል። ደብዳቤው የሚሄደው ታርጋው ወደተመዘገበበት አድራሻ ነው። እኔ ደግሞ አድራሻዬን አልቀየርኩም። ደብዳቤዎቹ የማላውቀው ሰው ሳጥን ውስጥ ሲከማቹ ቆዩ። በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ለብቻው ቅጣት ይጨመራል። ይህን ያወቅሁት የመኪናዬን ምዝገባ ላድስ ስሄድ ታግዶ ሳገኘው ነው። የመንገዱ ክፍያ ብቻውን 40 ዶላር አይሞላም ነበር። ከነቅጣቱ ከ600 በላይ ሆኖ ጠበቀኝ።

ስልክ ደወልኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው። የሁለት ቀን ሥራ ቀረሁ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አካውንቴን ከፍታ፣ ታግ እንደነበረኝና ካርዱ ብቻ እንደሞተ አይታ፣ የቅጣቱን ትልቅ ክፍል አነሳችልኝ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ደንግጣችሁ ሙሉውን አትክፈሉ፣ ደብዳቤውንም አትጣሉ። ደውሉና ቅጣቱ እንዲነሳ ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።

ቤት በቀየራችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለመኪና ምዝገባ ቢሮው (ቨርጂኒያ ዲኤምቪ፣ ሜሪላንድ ኤምቪኤ) ማሳወቅ ግዴታ ነው። ደብዳቤያችሁንም በፖስታ ቤት በኩል ወደ አዲሱ አድራሻ አዙሩ። በዚያው ቀን የታጉን አካውንት ክፈቱና ካርዱን፣ አድራሻውንና ታርጋውን አንድ በአንድ እዩ። አዲስ መኪና ስትገዙ ጊዜያዊው የወረቀት ታርጋ መግባት አለበት፤ ቋሚው ሲመጣ ደግሞ ይቀየራል። ታጉን ለወንድም ወይም ለጓደኛ ስታውሱም የሱ ታርጋ አካውንቱ ላይ ይኑር። ኪስ ውስጥ ወይም ዳሽቦርድ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ታግ በትክክል አይነበብም፤ መስታወቱ ላይ ለጥፉት።

የኪራይ መኪና ስትይዙ የራሳችሁን ታግ ይዛችሁ ሂዱ፣ ታርጋውንም ለእነዚያ ቀናት አስገቡ። አለዚያ አከራዩ ከቶሉ በላይ የቀን ክፍያ ይጨምርባችኋል።

በቴክስት «ቶል አልከፈልክም፣ ይህን ተጫን» የሚል ከመጣባችሁ አትንኩት። ኤፍቢአይ በ2024 ያስጠነቀቀበት ማጭበርበር ነው። ዕዳ አለብኝ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ራሳችሁ አካውንታችሁን ከፍታችሁ እዩ።

ልጁ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እኔ ጋ ይመጣል። የደረሱትን ደብዳቤዎች በሙሉ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ያልከፈታቸውንም ጭምር።