የአጎቴ ኮሞዶር 64 ቀለም አገኘ

ኮሞዶር 64 የተባለውን የአጎቴን የድሮ የቤት ኮምፒውተር ጅማ ቤቴ ካለው ሞኒተር ጋር ለማገናኘት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ማሽኑ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የዛሬ ሞኒተሮች ምስል የሚቀበሉበት ኤችዲኤምአይ የሚባለው መሰኪያ የለውም። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ ኤቪን (የድሮውን የምስልና የድምፅ ሲግናል) ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ገዛሁ። ምስሉ መጣ፣ ግን ጥቁርና ነጭ! ሳጥኑ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር።

ችግሩ ግን እኔ የሠራሁት ገመድ ላይ ነው። ከማሽኑ ኋላ ባለው ክብ ሶኬት ውስጥ ካሉት ፒኖች (መገናኛ ነጥቦች) ፒን 1 የሚያወጣው የምስሉን ብርሃን ብቻ ነው። ቀለሙን የያዘው ሙሉ ምስል የሚወጣው በፒን 4 ነው። ፒን 2 ግራውንድ፣ ፒን 3 ድምፅ። ሽቦውን ነቅዬ ፒን 4 ላይ በየድኩት። ያ የልጅነቴ ሰማያዊ ስክሪን ቦግ አለ። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ትንሽ ይደበዝዛል፤ ለእኔ ይበቃኛል። አጎቴም አይቶት ዝም ብሎ ቆመ።