የሥዕል መምህር የራሱን ሸራ እንዴት ይጠብቃል?

ሥዕል የሚያስተምሩ ሠዓልያን ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት ስለ ሰዓት ማነስ ነው። በእኔ እምነት ግን ማስተማር ከሰዓት አስቀድሞ የሚወስደው የመወሰን ዐቅምን ነው። ስልሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል የአንዱን የፊት ምጣኔ፣ የሌላውን የጥላ አጣጣል ሲያርም የዋለ መምህር ማታ ሸራው ፊት ሲቆም እጁ ገና ይሠራል፤ ይህ ቀለም ይሙቅ (ወደ ቀይና ቢጫ ያዘንብል) ወይስ ይቀዝቅዝ (ወደ ሰማያዊ ያዘንብል) ብሎ የሚፈርደው ዐይኑ ግን ዝሏል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርድ የሚጠይቀውን ሥራ ከማይጠይቀው ይለዩ።

ሸራ መወጠር፣ ጄሶ (ከቀለም በፊት ሸራው ላይ የሚቀባ ነጭ መደብ) መቀባት፣ የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ትንሹን ንድፍ በካሬ መስመር አሳድጎ ወደ ሸራ ማዛወር፣ ብሩሽ ማጠብ፣ እነዚህ ሁሉ የማታ ሥራዎች ናቸው። በአቡጀዲ የሚሠሩ ከሆነ ጨርቁ ሲረጥብ ስለሚሰበሰብ ከመወጠሩ በፊት አጥበው ያድርቁት። ቀለም መበጥበጥና መወሰን ግን ለጠዋት ይቆይ፤ ቢጫ አምፖል ሥር የተመረጠ ሰማያዊ በማግስቱ በቀን ብርሃን ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛልና። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉ የከሰዓቱን ፈረቃ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያ ካልተቻለ ቅዳሜ ጠዋትን ማንም እንዳይነካው አድርገው ይያዙ፤ ለቤተሰብዎም አስቀድመው ያስረዱ።

የዘይት ቀለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሳምንት እጅግ ይስማማል። የሚደርቀው እንደ ውሃ ቀለም በመትነን አይደለም፤ የተልባ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። ቅዳሜ የተቀባው ስስ ንብርብር እርስዎ በሚያስተምሩባቸው ቀናት እየደረቀ ይቆይዎታል። የመጀመሪያውን ንብርብር እንደ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ባሉ፣ ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ስላላቸው ፈጥነው በሚደርቁ የአፈር ቀለሞች ቢሠሩ፣ እንደ ካድሚየም ቀይና አይቮሪ ጥቁር ያሉትን ዘገምተኞች ደግሞ ለላይኛው ቢያቆዩ ይመረጣል። ላይኛው ንብርብር ሁልጊዜ ከታችኛው የበለጠ ዘይት ይኑረው፤ ካልሆነ ውሎ አድሮ ይሰነጣጠቃል። ሁለት ወይም ሦስት ሸራ ጎን ለጎን መያዝም አንዱ እስኪደርቅ ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል። አክሪሊክ የተባለው ቀለም በደቂቃዎች ስለሚደርቅ ለአጭር ሰዓት ምቹ ነው፤ ሆኖም ደወል ሲደወል ሳይታጠብ የተረሳ ብሩሽ ደርቆ ይበላሻል።

ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ልማድ ሥራ ከማቆምዎ በፊት የሚደረግ ነው። በደብተር ላይ ቀጣዩን ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የሴትየዋ ነጠላ የቀኝ ጫፍ ገና ሞቃት ነው፤ ከግድግዳው ጥላ ሰማያዊ ይጨመርበት» ብለው። ከጎኑ የተጠቀሙበትን ቅይጥ በጣትዎ ጫፍ ቀብተው ከየትኞቹ ቀለሞች እንደተሠራ ያስፍሩ። ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት የት እንደነበሩ በመፈለግ አይባክንም።

በአንድ ርእሰ ጉዳይ ላይ ደጋግሞ መሥራትም የመግቢያውን ጊዜ ያሳጥራል። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በአዲስ አበባው «አለ» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ የጉሊት ሴቶችን ምስል በተከታታይ ሥራዎቻቸው ደጋግመው ስለዋል። ማስተማርና መሳል አብረው እንደሚሄዱ ሌላው ምሳሌ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2001 በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ መሳሉን አላቋረጠም።

ክፍሉ ራሱ የሚያመጣው አደጋም አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ ሲነገር አልሰማም። ለጀማሪ የሚነገረው ሕግ፣ ማለትም ምጣኔው ይስተካከል፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይምጣ፣ ዳራው ይደብዝዝ የሚለው፣ በየቀኑ ሲደጋገም ወደ መምህሩ ሸራ ይገባል፤ ሥዕሉም ስሕተት የሌለበት፣ ነገር ግን ሕይወት የራቀው ይሆናል። መፍትሔው በግል ሥራ ውስጥ ገና ለተማሪ ማስረዳት የማይችሉትን ጥያቄ መያዝ ነው። በክፍል ውስጥ ለማሳያ የሚነድፏቸውን ፈጣን ንድፎች ግን አይጣሉ፤ ተማሪ እያየ በጥቂት ደቂቃ የተሠራ የእጅ ወይም የወንበር ንድፍ አንዳንዴ ከታሰበበት ሥራ የተሻለ መስመር ይወጣዋል። የክፍለ ጊዜውን ሰዓትና የተማሪውን ቀለም ለራስ ሥዕል ማዋል ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሰኔ የፈተናና የውጤት ወር ስለሆነ ከኪስ ደብተር ያለፈ አያቅዱ። ሐምሌና ነሐሴ ቀናትን በተከታታይ ለሚጠይቅ ትልቅ ሸራ ይዋሉ፤ ንድፉ ግን በግንቦት አልቆ ይጠብቅ። በክረምት ሰማዩ ስለሚዳምንና ቅዝቃዜው የዘይት ቀለምን ስለሚያዘገይ በንብርብሮች መካከል ከበጋው የበለጠ ቀን ይተዉ።

ደመወዝ ለማሟላት በግል ማስጠናት ግድ ሲሆን፣ ሰዓቱ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም በሥራ ቀን ማታ ይሁን። ከሚገኘውም ጥቂቱ ለቀለምና ለሸራ መግዣ ከቤት ወጪ ተለይቶ ይቀመጥ።