የማስጠንቀቂያ መብራት ለአደጋ ጊዜና ለአገልግሎት መኪና፦ እንዴት ይመረጣል? እንዴት ይገጠማል? መቼ ይበራል?

ጣራው ላይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት መኪና ሁሉ አንድ ነገር አይናገርም። አምቡላንሱ «መንገድ ልቀቁልኝ» ይላል። ዳር ይዞ የተበላሸ መኪና የሚጭነው ክሬን ደግሞ «እዚህ ነኝ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ» ይላል። ደንቡ ከአገር አገር ቢለያይም መነሻው ይህ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠፋ አሽከርካሪው ግራ ይጋባል። ግራ የተጋባ አሽከርካሪ ወይ ድንገት ፍሬን ይይዛል፣ ወይ እንዳላየ ሆኖ ይነዳል። በሁለቱም ሰው ይሞታል።

ከዚህ በታች ያለው የአገልግሎት መኪና ላለው ወይም ብዙ መኪና ለሚያስተዳድር ሰው ይጠቅማል። መብራቱን ከውጭ ለሚያየው አሽከርካሪም የሚሆን ነገር አለው።

መጀመሪያ የመኪናውን ስራ ይለዩ

መብራት ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ። መኪናው ስራውን ለመስራት ሌሎችን ቀድሞ ማለፍ አለበት? ወይስ ስራው መቆምና ማዝገም ነው?

የእሳት አደጋ መኪና፣ አምቡላንስና የፖሊስ መኪና የመጀመሪያው ወገን ናቸው። ቆሻሻ የሚሰበስብ፣ አስፋልት የሚጠግን፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚሰራ፣ የተበላሸ መኪና የሚጎትት፣ ከመጠን በላይ ሰፊ ጭነት የሚያጅብ መኪና ደግሞ ሁለተኛው ወገን ነው። ይህኛው ወገን የሚፈልገው መንገድ እንዲለቀቅለት አይደለም። እንዲታይ ብቻ ነው።

መሃል ላይ የሚወድቁ መኪኖች አሉ። የተሰበረ የጋዝ ቧንቧ ለመጠገን የሚሮጥ መኪና ስራው በእርግጥ አጣዳፊ ነው። ግን መቸኮልና ቀዳሚነት ማግኘት ለየቅል ናቸው። ቀዳሚነት የሚሰጠው ሕጉ ወይም ፈቃድ ሰጪው መስሪያ ቤት እንጂ የስራው አጣዳፊነት አይደለም። ስለዚህ ፈቃዱ በእጅዎ ካልገባ መኪናውን ከሁለተኛው ወገን ይቁጠሩት።

ከዚያ ቀለሙን ይወስኑ

ብርቱካናማ መብራት በአብዛኛው አገር የማስጠንቀቂያ ቀለም ነው፤ የአገልግሎት መኪና የሚይዘውም እሱን ነው። ሰማያዊና ቀይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በጀርመን ሰማያዊ መብራት ከሳይረን ጋር ሲሆን ሌሎች ወዲያውኑ መንገድ እንዲለቁ ያዛል። እዚያ ቢጫ የሚባለው ብርቱካናማ መብራት ስለ አደጋ ያስጠነቅቃል እንጂ ቀዳሚነት አይሰጥም። በብሪታንያ ሰማያዊ ለአደጋ ጊዜ መኪኖች ነው፤ አረንጓዴ ደግሞ ለድንገተኛ ጥሪ ለሚሄድ ሐኪም ተፈቅዷል። በአሜሪካ ቀለሙን የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በግል መኪናው ላይ ሰማያዊ፣ የበጎ ፈቃድ የአምቡላንስ ሠራተኛ ደግሞ አረንጓዴ መብራት ሊጠቀም ይችላል። የግዛቱን ድንበር ሲያልፍ ያው ቀለም ሌላ ትርጉም ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ «ሌሎች ሲጠቀሙት አይቻለሁ» በቂ ማስረጃ አይደለም። የራስዎን አገር ደንብ ሁለት ቦታ ይፈልጉ። አንደኛው የትራፊክ ደንብ ነው፤ ማን ቀዳሚነት እንዳለውና መብራቱ መቼ እንደሚበራ እዚያ ይገኛል። ሁለተኛው መኪና ላይ ምን መግጠም እንደሚቻል የሚናገረው ደንብ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ቅጣት የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። መብራቱን አንድም ቀን ሳያበሩት መግጠሙ ብቻ ጥፋት የሚሆንበት አገር አለና።

የቀለም ነገር ከሕግ በተጨማሪ የዓይን ጉዳይም ነው። ዓይናችን በቀን ብርሃን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አረንጓዴ ቢጫ ነው። ጨለማ ሲለምድ ይህ ወደ 507 ናኖሜትር፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው ጠጋ ይላል። በዚህ ምክንያት ሌሊት ላይ ሰማያዊ መብራት ከቀኑ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ቀዩ ደግሞ ይደበዝዛል። ሰማያዊ መብራት ሌሊት ዓይን የሚወጋውም በከፊል ለዚህ ነው።

ሲገዙ ምልክቱን ያንብቡ

ገበያው ላይ በጣም የሚያበራ፣ ግን ምንም ፈተና ያላለፈ መብራት ሞልቷል። ድምቀቱ አያታልልዎት። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ለእነዚህ መብራቶች ደንብ ቁጥር 65 የሚባል መስፈርት አለው። ይህን ያሟላ መብራት ክዳኑ ላይ ወይም መቀመጫው ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» (E) የሚለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ያሳያል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድስ ነው።

ከክቡ አጠገብ ሌሎች የላቲን ፊደላትም አሉ። «ቲ» (T) ካለው ብርሃኑ ዙሪያውን ይታያል። «ኤክስ» (X) ካለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። «ኤ» (A) ብርቱካናማ፣ «ቢ» (B) ሰማያዊ ማለት ነው። ቀጥሎ 1 ከመጣ መብራቱ አንድ የብርሃን መጠን ብቻ አለው። 2 ከሆነ ለቀንና ለሌሊት የተለያየ መጠን አለው። ምርጫ ካለዎት ባለ 2ቱን ይውሰዱ። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

በአሜሪካ የሚሰራበት ኤስኤኢ (SAE) የተባለው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት ነው። ክፍል 1 ለአደጋ ጊዜ መኪና የሚሆን ብርቱ መብራት ነው። ክፍል 2 ለሚቆሙና ለሚያዘግሙ የአገልግሎት መኪናዎች ነው። ክፍል 3 ደካማ ስለሆነ ለመለያነት እንጂ መንገድ ላይ ለሚሰራ መኪና አልመክረውም።

የብልጭታውን ፍጥነትም ይዩ። የአውሮፓው መስፈርት በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይፈቅዳል። የብሪታንያ ደንብ ደግሞ በደቂቃ ከ60 እስከ 240 ይላል። አንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ከዚህ እጅግ የፈጠነ አማራጭ ይዞ ይመጣል። አይጠቀሙበት። ብርሃን የሚያስነሳባቸው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአብዛኛው የሚጎዱት በሰከንድ ከ3 እስከ 30 በሚደርስ ብልጭታ ነው። እኔ ብሆን ዝግተኛውን እመርጣለሁ። ዓይን ዝግተኛውን ብልጭታ አይቶ መኪናው የት እንዳለ ለመገመት ጊዜ ያገኛል።

ሲገጥሙ ዙሪያውን ያስቡ

መብራቱ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። በብሪታንያ የጣራ መብራት መሃሉ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 መሆን አለበት። ያ ቁጥር እርስዎን ባያስገድድዎትም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከፊት ያለ የቤት መኪና እንዳይጋርደው ያደርጋል።

ዋናው ችግር ግን ከፍታው አይደለም። ጭነቱ ነው። ባዶ መኪና ላይ ዙሪያውን የሚታይ መብራት፣ ፖርታመጋላው ላይ መሰላል ሲታሰር ወይም የኋላው ገልባጭ ከፍ ሲል ከኋላ ይጠፋል። አደጋው በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከኋላ ነው። ስለዚህ መኪናውን ስራ ላይ እንደሚሆነው አድርገው ያቁሙት፤ ክንዱ ተዘርግቶ፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ፣ ጭነቱ ተጭኖ። መብራቱን ያብሩና በእግርዎ ዙሩት። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከተሰወረ ሁለተኛ መብራት ያስፈልጋል። ከዚያ 100 ሜትር ያህል ርቀው ይዩት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ያንን ርቀት በ4 ሰከንድ ተኩል ይጨርሰዋል። ከዚያ ርቀት ጎልቶ ካልታየ አይበቃም።

አዲሱ መብራት ፍሬቻውን፣ የፍሬን መብራቱንና ታርጋውን እንዳይሸፍን፣ በብርሃኑም እንዳይውጣቸው ይጠንቀቁ። ፍሬቻ አጠገብ የተገጠመ ብርቱካናማ ብልጭታ ለኋለኛው አሽከርካሪ «ልታጠፍ ነው» የሚል የሐሰት መልእክት ይሰጣል።

ስለ ሽቦው አጭር ነገር። የመብራቶቹን ዋት ደምረው በቮልቱ ያካፍሉ። ባለ 18 ዋት አራት መብራት 72 ዋት ነው። በ12 ቮልት 6 አምፔር ይስባል፤ በ24 ቮልት መኪና ላይ ደግሞ 3 ብቻ። ለ6 አምፔር የ7.5 ፊውዝ ይሆናል። ሽቦው ደግሞ ከፊውዙ በላይ መሸከም አለበት፤ ፊውዝ የሚገባው ሽቦው እንዳይነድ ነውና። ፊውዙን በተቻለ መጠን ባትሪው አጠገብ ያድርጉት። ማብሪያው ላይ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ «በርቷል» የሚል ጠቋሚ መብራት ያስገጥሙ። ሾፌሩ ጣራውን አያየውም፤ ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ እያበራ ሊሄድ ይችላል። ሲጨርሱ መብራቱን አብርተው የመገናኛ ሬዲዮውን ይሞክሩ። ርካሽ ኤልኢዲ ሬዲዮ ላይ ጩኸት የማምጣት ጠባይ አለው።

በማግኔት የሚጣበቅ መብራት ለጊዜያዊ ስራ ይሆናል። ከመለጠፍዎ በፊት ጣራውን ይጥረጉ፣ አምራቹ ከጻፈው ፍጥነት አይለፉ። የአሉሚኒየም ጣራ ላይ ማግኔት እንደማይይዝ ያስታውሱ።

መቼ ይበራል? መቼ ይጠፋል?

ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። የአገልግሎት መኪና መብራት የሚበራው መኪናው ለሌሎች እንቅፋት በሚሆንበት ሰዓት ብቻ ነው። ሲቆም፣ ሲያዘግም፣ ሲጭን፣ ሲያራግፍ። ወደ ስራ ቦታ እንደ ማንኛውም መኪና ሲጓዝ ይጠፋል። ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ሰው ይለምደውና ማየት ይተዋል። የተለመደው መብራት ሊጠብቀው ይገባ የነበረው ደግሞ አስፋልቱ ላይ አካፋ ይዞ የቆመውን ሠራተኛ ነበር።

ብርቱካናማ መብራት በቀይ ትራፊክ መብራት ማለፍ አይፈቅድም፤ ከፍጥነት ወሰን በላይ መንዳትም እንዲሁ። ለሾፌሮችዎ ይህን በግልጽ ይንገሯቸው።

ለአደጋ ጊዜ መኪና ሾፌርም መብራቱ ጥያቄ ነው። መልሱ በሌላው አሽከርካሪ እጅ ነው። መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ የከፈተ ሰው ሳይረኑን ላይሰማ ይችላል፤ ሕንጻ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ መብራቱ እስኪደርሱ አይታይም። ስለዚህ ቀይ መብራት ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሱ፤ እያንዳንዱ መስመር መቆሙን በዓይንዎ አይተው ይለፉ። ቀዳሚነት የሚሰጡ ሕጎች በአብዛኛው የሌሎችን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታን አብረው ይሰጣሉ።

ቦታው ላይ ሲደርሱ መብራቱ ስራውን ይቀይራል። ሲነዱ «ልለፍ» ነበር፤ አሁን «እዚህ ቆሜያለሁ» ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ መኪና መስፈርት ይህንን በሁለት የተለያየ አሠራር ይከፍለዋል። የእጅ ፍሬን ሲያዝ ነጭ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ይጠፋሉ። ምክንያቱ ነጭ ብልጭታ የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ስለሚያጠፋና ከመብራቱ አጠገብ የቆመውን ሰው ስለሚሰውር ነው። ባለ 2 ደረጃ መብራት የመከርኩት ለዚሁ ነው። ሲመሽ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ፤ የፊት መብራትዎ ወደሚመጣ መኪና ከዞረ ያጥፉት፤ ሠራተኞቹን አንጸባራቂ ሰደርያ ያልብሱ። በርካታ መኪና አንድ ቦታ ከተሰበሰበ ሁሉም ማብራት የለበትም። ወደሚመጣው ትራፊክ የቀረበው ያብራ፤ የቀሩት ይቀንሱ።

መብራቱን ካዩ

ቀዳሚነት ያለው መኪና ከኋላ ከመጣ ድንገት አይቁሙ። ፍሬቻ ያሳዩ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ደንቡ ወደሚያዘው ዳር ይያዙ። በጀርመንና በኦስትሪያ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ መጨናነቅ ሲጀምር በግራው ጫፍ መስመር ያሉት ወደ ግራ፣ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ጠጋ ብለው መሃሉን ይከፍታሉ። ይህን የሚያደርጉት ሳይረን እስኪሰሙ ሳይጠብቁ ነው፤ ከቆሙ በኋላ መንቀሳቀሻ ቦታ አይኖርማ።

ቆሞ የሚያበራ መኪና ሲያዩ ደግሞ አንድ መስመር ይራቁ፤ ካልተቻለ ፍጥነት ይቀንሱ። ይህ በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ተደንግጓል።

በየጊዜው የሚደረግ ፍተሻ

ስራ ከመጀመሩ በፊት መብራቱን ያብሩና መኪናውን ይዙሩት። ክዳኑን ይጥረጉ፤ ጭቃ ብርሃኑን ይበላል። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፑል አንዴ አይቃጠልም። ከውስጡ ጥቂቱ ይሞትና «በርቷል» ብለው ያልፉታል። ከፊሉ ከጨለመ ይቀይሩት። ፀሐይ ያደበዘዘው ክዳን ቀለሙን ስለሚያጣ እሱንም ይቀይሩ።

መኪናውን ሲሸጡ ወይም ለሌላ ስራ ሲያዞሩት መብራቱን ከነሽቦው ያንሱ። በብሪታንያ የአደጋ ጊዜ መኪና ያልሆነ መኪና ላይ ሰማያዊ መብራት ወይም እሱን የሚመስል ነገር መኖሩ ብቻ፣ ባይሰራም እንኳ፣ ክልክል ነው። ያገለገለ አምቡላንስ ከገዙም ታርጋው በስምዎ ሳይዞር መብራቱን ያስፈቱ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቀለም አብረው ያስነሱ።