21 ቀን ሞላ፣ ጫጩት ግን የለም

አምና ከባቲ የሰኞ ገበያ 12 እንቁላል ገዝቼ፣ ደሴ እናቴ ቤት ዶሮ አሳቀፍኩ። የወጣው ሁለት ጫጩት ነው። እናቴ ዶሮዋን አልወቀሰችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። "እንቁላሉ እኮ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ተንጦ ቅቤ ሆኗል" አለች።

ሳስበው እውነቷን ነው። ብዙው ጥፋት የሚያልቀው ዶሮዋ ገና ሳትቀመጥ ነው። ቀሪው ደግሞ ከተቀመጠች በኋላ እኛ እጃችንን መሰብሰብ ሲያቅተን ነው። እስቲ ችግሩን በየተራ እንየው።

"ታቅፋለች፣ ትነሳለች፣ ትታው ትሄዳለች"

መጀመሪያ ዶሮዋ ከልቧ መሆኑን እዩ። የምር ማቀፍ የፈለገች ዶሮ ማታ ቆጥ ላይ አትወጣም። ሲጠጓት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፣ ትነክሳለች። ደረቷ ስር ላባዋ ይሳሳል። ይህን ካላያችሁ ሁለት ቀን በማያሳሳ እንቁላል ፈትኗት። ሁለት ሌሊት ሳትነሳ ካደረች እውነተኛውን ስጧት። ከፈረንጅ ዶሮ ግን ይህን አትጠብቁ፤ ብዙ እንድትጥል ተብላ ስለተዳቀለች ማቀፍ ከዘሯ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የሀበሻዋ ናት የዚህ ሥራ ባለቤት። (የሚገርመው፣ ይህችኑ ዶሮ "እንቁላል አቆመችብን" ብለው ማቀፉን እንድትተው ቁልቁል የሚሰቅሏት፣ ላባ በአፍንጫዋ የሚሰኩባትም አሉ።)

ከልቧ ሆና ከተነሳች ግን ጭዱን ጠርጥሩ። ማታ በባትሪ እዩት። የሚርመሰመስ ነገር ካለ ቅማልና ቅንቅን እየበላት ነው፣ ማንም አይቀመጥም። ጭዱን አቃጥሉ። ቅርጫቱን ጠርጋችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ አመድ ነስንሳችሁ አዲስ ጭድ አንጥፉ። እሷም የምትንከባለልበት አመድና ደረቅ አፈር በአጠገቧ ይኑር።

በቀን ብርሃን ቦታ ከቀየራችሁባትም ወደ ድሮው ቦታዋ ትመለሳለች። ማዛወር በጨለማ ነው።

በቀን አንድ ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ ብትነሳ ግን አብሽሩ፣ ትታው አይደለም። ልትበላ፣ ልትጠጣና ልትጸዳዳ ነው። ኩሷ ትልቅና የሚሸት ቢሆን በሽታ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ይዛው ውላ ነው። ማሽላ ወይም በቆሎ ከውሃ ጋር በቅርብ ይኑርላት፤ ሩቅ ከሄደች ነው እንቁላሉ የሚበርደው።

"በ7ኛው ቀን በባትሪ ሳየው ባዶ ነው"

ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል አብሩበት። እንደ ሸረሪት እግር የተበተነ ቀይ ሥር ካለ ሕይወት አለ። ጥርት ብሎ ቢጫ ከሆነ አልጀመረም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የሱቅ እንቁላል ከሆነ የጣለችው ዶሮ አውራ ዶሮ አይታ አታውቅም፤ አንድ ዓመት ብትታቀፈው ጫጩት አይወጣም። የገበያ ከሆነ ደግሞ ስንት ቀን እንደቆየ ማን ያውቃል? እስከ 7 ቀን የቆየ ጥሩ ነው፣ ከ10 ቀን በኋላ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል። እንደ ባቲና ቆቦ ባለ ሙቀት ችግሩ ይብሳል። ሽሉ ሳይታቀፍ ትንሽ ይጀምርና መልሶ ይዳከማል። ስለዚህ እንቁላል ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። ምድጃ አጠገብ አይሆንም። አትጠቡትም፤ ጀርም የሚከላከልለት ስስ ሽፋን አብሮ ይታጠባል።

በመኪና የመጣ እንቁላል ከሆነ ከማሳቀፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት ይረፍ። እኔ እንደደረስኩ ነበር ከዶሮዋ ስር የከተትኩት። ደሴ ደግሞ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላሉ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ለሽሉም የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንቁላል ይህን እዚያው ደጋ እንደተጣለው አይችለውም። አሁን አውራ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች ነው የምገዛው።

"ቀኑ ሞላ፣ ድምፅ የለም"

ቆጠራውን አረጋግጡ። ሰኞ ማታ ካሳቀፋችሁ አንድ ብላችሁ የምትጀምሩት ማክሰኞን ነው፤ 21ኛው ቀን ሦስተኛው ሰኞ ይሆናል። ብርድ ከነበረ እስከ 23 ጠብቁ። ከዚያ በኋላ የቀረውን አውጥታችሁ ቅበሩ። የገማ እንቁላል ጎጆው ውስጥ ከፈነዳ ጉድ ነው።

"ተሰንጥቋል፣ ግን አይወጣም"

እጅ የሚያሳክከው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ "ጭው ጭው" ይላል፣ እኛ ደግሞ አንጀታችን አይችልም። ግን ተዉት። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ አስኳሉን ወደ ሆዱ እየሳበ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን ደም እየሰበሰበ ነው። ቅርፊቱን ቀድማችሁ ከላጣችሁት ደሙ ይፈሳል። 24 ሰዓት አልፎ ሽፋኑ ነጭና ደረቅ ከሆነ ብቻ ጫፉን በትንሹ ላጥ አድርጉ። ደም ካያችሁ እዚያው አቁሙ።

መድኃኒቱ ያለው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ንፋሱ ደረቅ ነው፣ ሽፋኑ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ስታሳቅፉ ከጭዱ ስር እርጥብ አፈር አንጥፉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ዙሪያውን ለብ ያለ ውሃ እርጭ አድርጉ።

"ግማሹ ወጣ፣ ግማሹን ጥላ ተነሳች"

ሌላ ዶሮ ገብታ ጥላበት ነው፣ ቀናቸው ተለያየ። ስታሳቅፉ በሁሉም ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ፤ ምልክት የሌለውን በየቀኑ ልቀሙ። አሁን ከሆነባችሁ ግን ቀድመው የደረቁትን ጫጩቶች በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሙቅ ቦታ አኑሯቸው፣ ዶሮዋ ቀሪው ላይ ትቆይ። በሆዳቸው ያለው አስኳል ሁለት ቀን ያቆያቸዋል። ማታ መልሱላት። ድሮ ጤፍ ነበር የሚበተንላቸው፤ ዛሬ ጤፍ ለእኛስ መች ተገኘ? የተሸረከተ ማሽላ ይበቃል። ለፈንግል ክትባት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጊዜ ጠይቁ፣ ለሸለምጥማጥ ደግሞ በሩን አጥብቁ።

"የዳክዬ እንቁላል ብናሳቅፋትስ?"

ይሆናል፣ ግን 21 ቀን ላይ አትደንግጡ። የዳክዬ 28 ቀን ነው፤ ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋ ያለባት ዓይነት 35 ትደርሳለች። እንቁላሉ ትልቅ ስለሆነ ስድስት ይበቃታል። ዶሮዋ ብዙ ስለምትቀመጥ መብሏን አትርሱ። ሲፈለፈሉ ምንቃራቸው የሚጠልቅበት የመጠጥ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ለዋና ግን አትቸኩሉ። የዶሮ ልጅ ሆነው ስላደጉ የእናት ዳክዬ ቅባት ላባቸው ላይ የለም፣ ይረጥቡና ይበርዳቸዋል። ትንሽ ጠንክረው ውሃ ውስጥ የገቡ ቀን ዶሮዋን እዩዋት። ዳር ቆማ፣ ክንፏን ዘርግታ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ትጮሃለች።